የከፍተኛ ትምህርት እንግሊዝኛን በጅቡቲ ከተማ ለሚያስተምሩ መምህራን የተጻፈ መመሪያ

በጅቡቲ ከተማ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ መምህር፣ በትምህርት ቤትም ያስተምር በግል ቤት፣ አንድ ዓይነት ልመና ደጋግሞ ይቀርብለታል፤ ይኸውም ልጃችን እንግሊዝኛ መናገሩን ደኅና ችሏል፣ ነገር ግን በእንግሊዝኛ ወደሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ተቃርቧልና መጽሐፍ አንብቦ ጽሑፍ ለማቅረብ የሚያበቃውን ትምህርት ይስጡልን የሚል ነው። ልመናው ቀላል ቢመስልም ሥራው ሲጀመር መምህሩን ያስጨንቀዋል፤ ሰዋስው አጥርቶ ያወቀና በወደብም በገበያም በእንግሊዝኛ ሲነጋገር የሚውል ሰው እንኳ፣ አሥር ገጽ የጥናት ጽሑፍ አንብበህ ፍሬ ነገሩን በአንድ አንቀጽ አስፍር ሲባል ብዕሩ ይቆምበታልና።

ይህ የሚሆነው የከፍተኛ ትምህርት እንግሊዝኛ ከሁሉ በፊት የማስረጃ ትምህርት ስለ ሆነ ነው። ተማሪው ሌላው የተናገረውን አጣርቶ መረዳት፣ ነገሩ የማን እንደ ሆነ በታማኝነት መመስከር፣ መመዘን፣ በመጨረሻም የራሱን ፍርድ ማስረጃው በሚፈቅድለት ልክ መናገር አለበት፤ ሰዋስውና ቃላት የዚህ ሥራ አገልጋዮች ናቸው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ዘጠኝ ደረጃዎች በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆሙ ሲሆኑ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሚሰበሰብና ከአሥራ ሁለት ተማሪ ለማይበልጥ ጉባኤ ይስማማሉ።

1. ተማሪው በየትኛው ልሳን እንደ ተማረ ይወቁ

የጅቡቲ መንግሥት የሥራ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ ሕዝቡ በቤቱ ሶማልኛና አፋርኛ ይናገራል፤ የእኛም ወገን አማርኛውንና ሌሎች የአገሩን ቋንቋዎች ይዞ ተቀምጧል። ስለዚህ በዚህች ከተማ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ዓይነት ተማሪ ይገኛል። አንደኛው በፈረንሳይኛ ሥርዐተ ትምህርት በሊሴ ተምሮ የባካሎሬያ ፈተና ያለፈ ወይም ሊፈተን የተቃረበ ጅቡቲያዊ ወጣት ነው፤ ሁለተኛው በኢትዮጵያ ሥርዐተ ትምህርት ያደገና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ መጻሕፍት የተማረ የወገናችን ልጅ ነው፤ ሦስተኛው በዶራሌ ወደብ ወይም በትራንዚት ቢሮ የሚያገለግል፣ ቀኑን ሙሉ ቢል ኦፍ ሎዲንግና የጉምሩክ ሰነድ ሲያገላብጥ የሚውል፣ አሁን ግን በርቀት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ የጀመረ ሠራተኛ ነው። የመጀመሪያው ድርሰት ማዋቀር ያውቃል፣ እንግሊዝኛው ግን ያጥረዋል፤ ሁለተኛው የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ለምዷል፣ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ከሰሌዳ ከመገልበጥና መልስ ከመምረጥ አልፎ ረጅም ጽሑፍ እንዲጽፍ አልተጠየቀም፤ ሦስተኛው አጭርና ፈጣን የሥራ እንግሊዝኛ አለው፣ ምክንያትን ከነማስረጃው የሚዘረዝር አንቀጽ ግን ጽፎ አያውቅም።

እነዚህን ለመለየት ሦስት መቶ ቃል ያህል ያለው አንድ ገጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ወረቀትና አርባ ደቂቃ ይበቃል። ተማሪው ጽሑፉን ካነበበ በኋላ ፍሬ ነገሩን በመጀመሪያ በሚቀናው ቋንቋ በአምስት መስመር ይጻፍ ወይም በቃሉ ይናገር፤ ቀጥሎ ያንኑ በእንግሊዝኛ ይጻፍ። በአማርኛ ወይም በፈረንሳይኛ አጣርቶ ያቀረበውን በእንግሊዝኛ ማቅረብ ካቃተው፣ ጉድለቱ የመጻፊያ ቋንቋ ነው፤ በሁለቱም ካቃተው ጉድለቱ የንባብ ነውና ሰዋስው ቢደረድሩለት አይጠቅመውም። እዚህ ላይ የሚሠራው የተለመደ ስሕተት ተማሪውን በምርጫ ጥያቄ በተሞላ የሰዋስው ፈተና መመዘን ነው፤ እንዲህ ያለው ፈተና ተማሪው ምን ሕግ እንደሚያውቅ ይናገራል እንጂ በንባብና በጽሕፈት ምን ሊሠራ እንደሚችል አይናገርም።

2. ሰዓቱንና ስፍራውን ያመቻቹ

የጅቡቲ ሙቀት በሞቃታማ ወራቷ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ ከቀትር በኋላ የሚሰጥ ከባድ የንባብ ትምህርት ከንቱ ድካም ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ሲደርስና መሥሪያ ቤቱም ሱቁም ሲዘጋ ከተማይቱ ታርፋለች፤ ስለዚህ ትምህርቱ ወይ በማለዳ ወይ ፀሐይ ከገባች በኋላ ይሁን። ንባብና ጽሕፈት በሌሊቱ ቅዝቃዜ ለነቃው የማለዳ አእምሮ ይመደቡ፤ የቃል ልምምድና የቡድን ሥራ ለምሽቱ ይቆዩ። ጽሑፉን በወረቀት አባዝተው ይስጡ፤ በስልክ መስታወት ላይ የሚያነብ ተማሪ በዳር ላይ ምልክት ማድረግ አይመቸውም፣ ምልክት የማያደርግ አንባቢም ሲጽፍ የሚመለስበት ነገር የለውም።

3. ተማሪው የሚያውቀውን ነገር የሚናገር ጽሑፍ ይምረጡ

ከሩቅ አገር የመጣ የመማሪያ መጽሐፍ ስለ ለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ሲያወራ፣ ተማሪው በአንድ ጊዜ ሁለት ሸክም ይሸከማል፤ ቋንቋውም ነገሩም እንግዳ ይሆንበታል። በጅቡቲ ግን ነገሩ በደጃችን ነው። የኢጋድ ዋና ጽሕፈት ቤት በዚችው ከተማ ሲሆን፣ ስለ ድርቅ፣ ስለ ከብት ርባታና ስለ ስደት በእንግሊዝኛ የሚያወጣቸው ሪፖርቶች ለዚህ ትምህርት እጅግ የተመቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ የንግድ አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር፣ የወደቡ ሥራ፣ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ ጂኦሎጂ፣ እነዚህ ሁሉ የጥናት ጽሑፍ የተጻፈባቸው ርእሶች ናቸው።

የጽሑፉን ክብደት ለመመዘን የቃላት ሊቃውንት የተቀበሉት መለኪያ አለ፤ አንባቢ ያለ ረዳት ጽሑፍን አጥርቶ እንዲረዳ ከመቶው ቃል 98ቱን ያህል ማወቅ ይገባዋል። ስለዚህ ለቤት ንባብ በሚሰጡት ሦስት መቶ ቃል ባለው ገጽ ላይ የማይታወቀው ቃል ከስድስት እንዳይበልጥ፣ ከመምህር ጋራ በክፍል በሚነበበው ላይ ደግሞ ከአሥራ አምስት እንዳያልፍ ይጠንቀቁ። አንድ ርእስ ከመረጡ በኋላ አራት ሳምንት ያህል በዚያው ይቆዩ። መምህራን ልዩ ልዩ ነገር ማንበብ ዕውቀት ያሰፋል በማለት በየሳምንቱ ርእስ ሲለዋውጡ ይታያሉ፤ ነገር ግን አንድ ቃል በተማሪው ልብ የሚጸናው በተለያዩ ጽሑፎች ደጋግሞ ሲያገኘው ነው፣ ይህም የሚሆነው ጽሑፎቹ በአንድ ነገር ላይ የተጻፉ ሲሆኑ ነው። ደግሞም ሁለት ደራሲዎች በአንድ ነገር ሲለያዩ የማያይ ተማሪ መመዘንን ከወዴት ይማራል?

4. ቃላትን ከሁለት ወገን ይገንቡ

ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው መዝገብ ሁለት ሺህ ያህል የዘወትር የእንግሊዝኛ ቃላትን ይዟል፤ አቨሪል ኮክስሄድ በ2000 ያወጣችው የአካዳሚ ቃላት መዝገብ ደግሞ በዚያ የሌሉ 570 የቃል ቤተሰቦችን ሰብስቧል፤ እነዚህም ከአንድ የትምህርት ጽሑፍ ቃላት አንድ ዐሥረኛውን ያህል ይሸፍናሉ። ሁለቱ መዝገቦች በነፃ ስለሚገኙ አባዝተው ይያዙ።

በጅቡቲ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በፈረንሳይኛ የተማረው ወጣት የኮክስሄድን መዝገብ ሲያይ፣ ብዙዎቹ ቃላት ከላቲን የተወለዱ ናቸውና ወዲያው ያውቃቸዋል፤ የሚያደናቅፈው የዘወትሩ አጭር ግሥ ነው፤ ካሪ አውት፣ ፖይንት አውት፣ ድሮው ኦን የሚሉት ጨለማ ይሆኑበታል። የኢትዮጵያው ልጅ ደግሞ የዘወትሩን ይዞ በረጅሙ ቃል ይቸገራል። ስለዚህ ሁለቱን አጎራብተው ያስቀምጧቸው፤ አንዱ ለሌላው መምህር ይሁን። ፈረንሳይኛው የሚያስትበትንም ስፍራ አስቀድመው ያመልክቱ፤ በፈረንሳይኛ ኤቫንቱዌልማን «ምናልባት» ማለት ሲሆን በእንግሊዝኛ ኢቨንቹዋሊ «በመጨረሻ» ነው፤ ተማሪው ይህን ቢያምታታ ውጤቱ በመጨረሻ ይለወጣል ያለውን ጽሑፍ ምናልባት ይለወጣል ብሎ ያነበዋል፣ ደራሲው ያላለውንም በደራሲው ስም ይመሰክራል።

የቃል ደብተሩ አራት ዓምድ ይኑረው፤ ቃሉ፣ የተገኘበት ሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ አብረውት የሚሄዱ ቃላት፣ ተማሪው ራሱ የጻፈው ዐረፍተ ነገር። ትርጉሙን ብቻ ይዞ በቃል ማጥናት ቃሉን ለማወቅ ያበቃል፣ ለመጠቀም ግን አያበቃም።

5. ንባብን በሦስት ዙር ያስተምሩ

በመጀመሪያው ዙር ተማሪው ርእሱን፣ መግቢያውንና ማሳረጊያውን ብቻ አንብቦ ጽሑፉ የሚመልሰው ጥያቄ ምን እንደ ሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይናገር። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ጆን ስዌልስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የጥናት ጽሑፍ መግቢያ በልማድ ሦስት እርምጃ አለው፤ ርእሱ የሚያስፈልግ መሆኑን ያስረዳል፣ እስካሁን ያልተመለሰውን ያመለክታል፣ ጸሓፊው ያንን ሊመልስ መነሣቱን ይገልጻል። ተማሪው እነዚህን ሦስቱን በእርሳስ ለይቶ ማመልከት ሲችል የንባብ ፍርሃቱ እኩሌታው ይወገዳል። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱን አንቀጽ እያነበበ፣ ደራሲው የሚለውን ነገር በአንድ ምልክት፣ ለማለቱ የሰጠውን ማስረጃ በሌላ ምልክት ይለይ። በሦስተኛው ዙር ጽሑፉን ዘግቶ ማስታወሻ ይያዝ፤ የደብተሩም ገጽ በመስመር ይከፈል፣ በግራው የደራሲው ሐሳብ ከነገጽ ቁጥሩ፣ በቀኙ የአንባቢው ጥያቄና ፍርድ ይጻፍ።

ይህ መስመር ታናሽ ነገር መስሎ እንዳይታይዎ፤ የሌላውን ሐሳብ እንደ ራስ አድርጎ የማቅረብ በደል አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው፣ ማስታወሻው ላይ የማን ቃል የማን እንደ ሆነ ሳይለይ ሲቀር ነው። ከዚህ ጋራ ተማሪው በየመስመሩ እያቆመ በስልክ መዝገበ ቃላት እንዳያገላብጥ ይከልክሉት፤ በመጀመሪያው ዙር መዝገበ ቃላት አይከፈትም፣ በሁለተኛው የሚፈቀደው ያለ እርሱ አንቀጹ የማይገባ ቃል ሲያጋጥም ብቻ ነው።

6. አንቀጽን ከፍርዱ ያስጀምሩ

ከደረጃዎች ሁሉ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው። በሊሴ የተማረው ወጣት ሐሳቡንና ተቃራኒ ሐሳቡን በተራ አቅርቦ ፍርዱን በማሳረጊያው መስጠት ተምሯል፤ በአማርኛ ጨዋ ንግግር ያደገውም ተማሪ ነገሩን ከሩቅ ጀምሮ እያግባባ መጥቶ ቁም ነገሩን በመጨረሻ ማሳረፍ ይቀናዋል። ሁለቱም በስፍራቸው ያማሩ ናቸውና አይንቀፏቸው። የእንግሊዝኛ የትምህርት አንቀጽ ግን ፍርዱን በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር አስቀምጦ ማስረጃውን እንዲያስከትል አንባቢው ይጠብቃል፤ ምክንያቱም ብዙ ጽሑፍ የሚያገላብጥ አንባቢ ከየአንቀጹ ራስ ብቻ አንብቦ መንገዱን መከተል ይፈልጋል።

አራት ክፍል ያለው ሥርዐት ይስጧቸው፤ ፍርድ፣ ማስረጃ፣ ሐተታ፣ ወሰን። ለምሳሌ ስለ አሳል ሐይቅ የሚጽፍ ተማሪ፣ የሐይቁ ጨዋማነት ከሙቀት ብቻ የመጣ አይደለም ብሎ ፍርዱን ያቀርባል፤ ቀጥሎ ከጉቤት ወሽመጥ የባሕር ውኃ በምድር ውስጥ እየሠረገ ወደ ሐይቁ መግባቱን በማስረጃነት ይጠቅሳል፤ ከዚያ በኋላ ውኃው በትነት ሲሄድ ጨው ወደ ኋላ እየቀረ መከማቸቱን በሐተታ ያስረዳል፤ በመጨረሻም ይህ ማብራሪያ ለሌሎች ጨዋማ ሐይቆች ሁሉ እንደማይሠራ ወሰኑን ያበጃል። ብዙ ተማሪዎች ከማስረጃው ቀጥለው ወደ ሌላ ነገር ያልፋሉ፤ ማስረጃው ፍርዱን ለምን እንደሚደግፍ የሚያስረዳው ሐተታ ይቀራል፣ የመምህሩም ጥያቄ ሁልጊዜ «ይህ ታዲያ ምን ያሳያል?» የሚል ይሁን።

ለዐረፍተ ነገሩም ርዝመት ልክ ያብጁ። በአማርኛ ማሰሪያ ግሡ በመጨረሻ ስለሚመጣ ብዙ ሐሳብ እያያዙ መሄድ ይቻላል፤ ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛ የሚያሻግር ተማሪ ግን ባለቤቱና ግሡ የተራራቁበት ወይም ከናካቴው ግሥ የሌለው ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ዐረፍተ ነገር አንድ ሐሳብ ይያዝ፣ ከሃያ አምስት ቃልም አይለፍ፤ ባለቤትና ግሥም በቅርብ ይቀመጡ።

7. ምስክርን መጥራት ያስተምሩ

ሌላው የተናገረውን ከነስሙ መጥቀስ ለተማሪዎቻችን ከውጭ የመጣ እንግዳ ሕግ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት ጉባኤ የትርጓሜ መምህር አንዱን ንባብ «አንድም» እያለ በልዩ ልዩ መንገድ ይፈታል፣ ምስክር ሲጠራም «እንዲል» ብሎ ያመለክታል፤ በጅቡቲ ያለው ሙስሊም ተማሪም ሐዲስ ከማን ለማን እየተላለፈ እንደ ደረሰ የሚቈጥረውን የኢስናድ ሥርዐት ከቁርኣን ቤት ጀምሮ ሰምቶታል። ተማሪዎችዎ ይህን ከገዛ ትምህርታቸው አስታውሰው እንዲናገሩ ያድርጉ፤ ከዚያ በኋላ የደራሲ ስምና ዓመተ ምሕረት በጽሑፍ ውስጥ መጥቀስ የክብርና የእውነት ጉዳይ መሆኑ ይገባቸዋል፣ የሥርዐተ ነጥብ ጣጣ መስሎ አይታያቸውም።

ሐሳብን በራስ ቃል ለመጻፍ የሚሻለው ልምምድ እንዲህ ነው፤ ተማሪው አንቀጹን አንብቦ ወረቀቱን ይገለብጣል፣ ነገሩን ለጎረቤቱ በአማርኛ ወይም በፈረንሳይኛ ይነግራል፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ በመጨረሻም ከዋናው ጋራ አስተያይቶ ሐሳቡ እንዳልተጣመመና ቃሉ እንዳልተገለበጠ ይመረምራል። የደራሲውን ዐረፍተ ነገር ይዞ ጥቂት ቃል በተመሳሳዩ መለወጥ ግን የተማሪዎች ሁሉ ተራ ስሕተት ነውና አይቀበሉት። ዛሬ ደግሞ ሙሉ ድርሰት የሚጽፍ የኮምፒዩተር መሣሪያ በእያንዳንዱ ስልክ ስላለ፣ ረቂቁ በክፍል ውስጥ በእጅ ይጻፍ፤ ተማሪውም በጽሑፉ ላይ ለአምስት ደቂቃ በቃል ይጠየቅ። የራሱን አንቀጽ ማስረዳት ያልቻለ ተማሪ እንደ ገና ይጻፈው።

8. ፍርድን በማስረጃው ልክ ማስተካከል ያለማምዱ

ወጣት ጸሓፊ ሁልጊዜ «ሁሉም ያውቃል»፣ «በፍጹም አያጠራጥርም» ማለት ይወዳል። የእንግሊዝኛ ምሁራን ግን ሜይ፣ ሰጀስት፣ ቴንድ ቱ በሚሉት ቃላት የእርግጠኝነታቸውን መጠን ይለያሉ። አማርኛው «ይመስላል»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «እርግጥ ነው» እያለ ይህንኑ መጠን ስለሚያውቅ፣ አምስት ዐረፍተ ነገር ሰጥተው ከጥርጣሬ እስከ እርግጠኝነት በተራ እንዲያሰልፏቸው ያድርጉ፤ ቀጥሎም ለእያንዳንዱ ምን ያህል ማስረጃ እንደሚያስፈልገው ይከራከሩ። እዚህም ከመጠን ማለፍ አለ፤ በሁሉም ስፍራ ምናልባት የሚል ጽሑፍ ምንም አልተናገረም፤ የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች መሆኑ የተለካ ነገር ነውና ምናልባት አያስፈልገውም።

9. እርማትን በሁለት ዙር ይስጡ፣ ፈተናውን ወደ ኋላ ያቆዩ

በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ስለ ፍርዱ፣ ስለ ማስረጃውና ስለ ቅደም ተከተሉ ብቻ ይጻፉ፤ ተማሪው አስተካክሎ ሲመልስ በሁለተኛው ዙር ቋንቋውን ይመልከቱ። ገጹን ሁሉ በቀይ ቀለም ማቅለም ለመምህሩ ድካም፣ ለተማሪው ተስፋ መቁረጥ ነው፤ በአንድ ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ስሕተት ብቻ መርጠው ያርሙ። ምርጫውም ከተማሪው ቋንቋ ጋራ ይሂድ፤ በፈረንሳይኛ ያደገው በማያስፈልገው ስፍራ ሁሉ «ዘ» ይጨምራል፣ አማርኛና ሶማልኛ ግን እርግጠኛነትን በስሙ መጨረሻ በሚቀጠል ምዕላድ ስለሚገልጹ የእነዚህ ተናጋሪ በሚያስፈልገው ስፍራ ይተወዋል።

ወላጆች ከመጀመሪያው ቀን የአይልትስ ፈተና ልምምድ ይጠይቁዎታል። በዚህ ፈተና የጽሕፈት ክፍል በ60 ደቂቃ ውስጥ አንድ ከ150 ቃል የማያንስ እና አንድ ከ250 ቃል የማያንስ ጽሑፍ ይጠበቃል፤ አንቀጽ ማቆም ያልቻለ ተማሪ ሰዓት እየተቈጠረበት ቢለማመድ ስሕተቱን ያጸናል እንጂ አያሻሽልም። ስለዚህ የፈተና ልምምድ ለመጨረሻዎቹ አራት ሳምንታት ይቆይ፤ ለወላጆቹም ምክንያቱን አስቀድመው በትሕትና ይንገሯቸው። በእነዚሁ ሳምንታት እያንዳንዱ ተማሪ ያጠናውን ለአሥር ደቂቃ በጉባኤ ፊት ያቅርብ፤ ታላቅን መጠየቅ ድፍረት መስሎት ዝም የሚል ተማሪ እንዳይኖር፣ እያንዳንዱ ሰሚ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ አዘጋጅቶ እንዲገባ ግዴታ ያድርጉት።

መምህር ሆይ፣ እነዚህን ደረጃዎች ሲፈጽሙ ተማሪዎ የሰማውን ሁሉ ከመቀበልም ያነበበውን ሁሉ ከመድገምም ይድናል፤ ይህ ሰው ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ይጠቀማል፣ ባይገባም በወደቡ ሥራ፣ በማኅበሩ ስብሰባና በቤቱ ቃሉ የታመነ ይሆናል። ሥራው አድካሚ ነው፤ በጅቡቲ ላለው ወጣት ግን በእንግሊዝኛ የሚገኘውን ዕውቀት በር የሚከፍትለት ከእርስዎ ሌላ ብዙ ሰው የለውምና፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከመጀመሪያው ደረጃ ይጀምሩ።